ለደከመ ላፕቶፕ ቀላል ዴስክቶፕ፦ አይስደብሊውኤምን መጫንና ማስተካከል



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበ ቁጥር ወደ ጀመዓችን የአይቲ ክፍል የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈብኝ፤ ሌላ ልግዛ ወይስ ፎርማት ይደረግ?» የሚመጣው ማሽን ብዙውን ጊዜ ከታላቅ ወንድም ወይም እህት የተወረሰ ነው። ራሙ 2 ወይም 4 ጊጋባይት፣ ባትሪው የደከመ፣ ከተጫነ በኋላ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚያስጠብቅ። «ሌላ ልግዛ» ማለት ደግሞ ለአፍ እንደሚቀለው ለኪስ አይቀልም፤ ለአብዛኞቻችን ቤተሰብ አዲስ ላፕቶፕ የበርካታ ወራት ገቢ፣ አለዚያም ብድር ነው።

በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የወረስናቸው ማሽኖች ይህን ስለማያሟሉ ወደፊትም መሄድ፣ ባሉበትም መቆየት አስቸግሯቸዋል።

እኛ ማሽኑን ከፍተን ስንመለከት ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ የማሽኑ እርጅና ብቻ አይደለም፤ የተሸከመው ነገር መብዛት ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይህን ሸክም ማቅለል ይቻላል። ዴስክቶፑ ከሥርዓቱ ጋር የተሰፋ ስላልሆነ፣ ጋቢ አውልቆ ነጠላ እንደ መልበስ፣ ከባዱን ትቶ ቀላሉን መጠቀም ይቻላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው፤ የመረጥነውም አይስደብሊውኤም የተባለውን መስኮት አስተዳዳሪ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አይ፣ ሲ፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤም ነው።

መስኮት አስተዳዳሪ ማን ነው?

ሊኑክስ ላይ በስክሪን ላይ የሚታየውን የሚስለውና ከኪቦርድና ከማውዝ የሚመጣውን የሚቀበለው ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ኤክስ የሚባለው ነበር። ሥራው የተጀመረው በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬም የምንጠቀምበት 11ኛው እትም የወጣው በ1987 ነው። ኤክስ አራት ማዕዘን መሳል ያውቃል፤ የተነካውን ቁልፍ ማን እንደሚፈልገው ያውቃል። ነገር ግን መስኮቱ ክፈፍ ይኑረው አይኑረው፣ የመዝጊያው ምልክት በየት በኩል ይሁን፣ ሁለት መስኮቶች ሲደራረቡ የትኛው ከላይ ይሁን የሚለውን አይወስንም። ይህን ውሳኔ ለሌላ ፕሮግራም ይተወዋል። ያ ሌላ ፕሮግራም ነው መስኮት አስተዳዳሪ የሚባለው።

ጂኖም ወይም ኬዲኢ የሚባሉት ትልልቅ ዴስክቶፖች በውስጣቸው መስኮት አስተዳዳሪ አላቸው፤ በዙሪያው ግን ፋይል የሚመዘግብ፣ ማሳወቂያ የሚያቀርብ፣ የቀን መቁጠሪያ የሚያመሳስል፣ ጥላና እንቅስቃሴ የሚስል ብዙ ሠራተኛ አሰልፈዋል። ጥሩ ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ምቾት ነው። 2 ጊጋባይት ራም ላይ ግን ጂኖም ምንም ሳይከፈትበት ከራሙ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ሊይዝ ይችላል። አይስደብሊውኤም ራሱ የሚፈልገው ጥቂት አሥር ሜጋባይት ነው። ልዩነቱ ለእናንተ ሰነድ ይተርፋል ማለት ነው።

አይስደብሊውኤምን ማርኮ ማቼክ የተባለ ፕሮግራመር በ1997 እ.ኤ.አ. በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ጀመረው፤ በኋላ ሌሎች ተረክበውት እስካሁን ይንከባከቡታል። ለምን እሱን መረጥን? ቀላል መስኮት አስተዳዳሪ ብዙ ነው። ኦፕንቦክስ ድንቅ ነው፤ ግን ታችኛው መስመር ላይ የምናውቀው ታስክባር የለውም፤ ሌላ ፕሮግራም ተጨምሮ ነው የሚሟላው። አይ3 መስኮቶቹን ጎን ለጎን በራሱ የሚደረድር፣ ሁሉንም በኪቦርድ የሚያስኬድ ነው፤ ኮድ የሚጽፉ ወዳጆቻችን ይምሉበታል፤ ነገር ግን የታሪክ ወይም የሕግ ተማሪ የማስረከቢያው ሳምንት ላይ «መስኮቱ የት ሄደ?» እያለ እንዲጨነቅ አንፈልግም። አይስደብሊውኤም ከመጀመሪያውኑ ታስክባር፣ የሜኑ ቁልፍ፣ ሰዓትና የባትሪ ምልክት አለው። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። ለአሮጌ ማሽኖች ተብሎ የሚዘጋጀው አንቲኤክስ የተባለው ሊኑክስም በመነሻነት የሚያቀርበው እሱኑ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፤ አለዚያ በኋላ ትወቅሱናላችሁ። መስኮት አስተዳዳሪው ስለቀለለ ብራውዘሩ አይቀልም። ፋየርፎክስም ሆነ ክሮም በአሥራ አምስት ታብ ተከፍቶ 2 ጊጋባይት ራም ላይ ሊሮጥ አይችልም፤ ከታችኛው ክፍል ቢተርፍለትም ጨርሶት ያድራል። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን።

ስለ አጻጻፋችን

ይህ ጋዜጣ በፊደላችን ስለሚታተም ትዕዛዞችን በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ማሽኑ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ካልተባለ በቀር በትንንሾቹ፣ ትተይቧቸዋላችሁ። አይስደብሊውኤም ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፤ የምርጫ ስሞች በመካከላቸው ትልልቅ ፊደል ስላለባቸው ከራስ ከመጻፍ ከተዘጋጀው ፋይል ማረም ይሻላል። እንዴት እንደሚዘጋጅ ከታች ታያላችሁ።

መጫን

ሊኑክስ ራሱን ስለ መጫን ዛሬ አንገባም። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ያለበት ማሽን እንዳላችሁ እንቁጠር። ማሽኑ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ዴቢያን 12ን ፈልጉ፤ ዴቢያን 13 ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን መጫኛ አያዘጋጅም። ዊንዶውስ ያለበት ማሽን ላይ ገና ሊኑክስ ልትጭኑ ከሆነ ደግሞ ከማንኛውም ነገር በፊት ጽሑፋችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን በኢሜል ወይም በቴሌግራም ለራሳችሁ ልካችሁ። ፍላሽ ብቻ አይበቃም፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ይዋሳል፣ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

ተርሚናሉን ከፍታችሁ ይህን ትተይባላችሁ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይስደብሊውኤም

ጥቅሉ ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት ደካማ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ሎግ አውት አድርጋችሁ፣ የይለፍ ቃል በምታስገቡበት ስክሪን ላይ የጥርስ ጎማ የመሰለውን ምልክት ወይም «ሴሽን» የሚለውን ጠቅ ስታደርጉ የዴስክቶፖች ዝርዝር ይመጣል። እዚያ ሁለት አይስደብሊውኤም ልታዩ ትችላላችሁ፦ አንዱ ስሙ ብቻ፣ ሌላው «ሴሽን» የሚል የተጨመረበት። ሁለተኛውን ምረጡ። የመጀመሪያው መስኮት አስተዳዳሪውን ብቻ ያስነሳል፤ ሁለተኛው የጀርባውን ሥዕልና ከታች የምንጽፈውን የማስነሻ ፋይል ጭምር ያስኬዳል። «ፋይሉን ጻፍኩ፤ ምንም አልሠራም» ከሚሉን መካከል ብዙዎቹ የተሳሳቱት እዚህ ነው።

የነበረው ዴስክቶፕ አልጠፋም። ካልወደዳችሁት ወጥታችሁ የድሮውን መምረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አትፍሩ፤ ሞክሩት።

ስትገቡ ከግራ በታች ያለው ቁልፍ ሜኑውን ይከፍታል፤ በባዶው ስክሪን ላይ የማውዙን ቀኝ መጫንም ያንኑ ያመጣል። ኦልትና ታብ መስኮት ይቀይራል፤ ኦልትና ኤፍ4 ይዘጋል። ኮንትሮልና ኦልትን ይዛችሁ የቀኝ ወይም የግራ ቀስት ስትነኩ ደግሞ ወደ ሌላ የሥራ ገጽ ትሻገራላችሁ። ከመነሻው አራት የሥራ ገጽ አለ፤ ለትንሽ ስክሪን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከመቀጠላችሁ በፊት ተርሚናል ላይ «ፍሪ» ብላችሁ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ኤች ጨምራችሁ አስገቡ። የራሙ ሁኔታ በሰንጠረዥ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለውን «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ፤ ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው እሱ ነው። «ፍሪ» የሚለውን ዓምድ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ሊኑክስ ሥራ ያልያዘውን ራም የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆየት ስለሚጠቀምበት ያ ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ነው። ይህን በድሮው ዴስክቶፕም በአዲሱም ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። የእኛን ቃል ከመቀበል የራሳችሁን ቁጥር ማየት ይሻላል።

የጎደለውን መሙላት

የመጀመሪያው ቀን ቅሬታ የታወቀ ነው፦ የዋይፋይ ምልክት የለም፣ የድምፅ ማስተካከያ የለም፣ ፍላሽ ሲሰካ ምንም አይመጣም። እነዚህን ያስነሳ የነበረው ትልቁ ዴስክቶፕ ነው፤ አሁን የምታስነሷቸው እናንተ ናችሁ። ይህም ችግር ሳይሆን የጉዳዩ እምብርት ነው፤ የምትፈልጉትን ብቻ ታስነሳላችሁ።

የአይስደብሊውኤም ማስተካከያዎች የሚቀመጡት በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር አይስደብሊውኤም የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ከሌለ ፍጠሩት። በውስጡ «ስታርትአፕ» የሚል ፋይል ትከፍታላችሁ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ማንኛውም የሼል ስክሪፕት የፓውንድ ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያም በእዝባር የተለያዩት ቢንና ኤስኤች ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በየመስመሩ አንድ ፕሮግራም፦ ለዋይፋይ ኤንኤም-አፕሌት፣ ለድምፅ ፓሲስትሬይ፣ ፍላሽ ሲሰካ እንዲከፍት ዩዲስኪ። የሌሏችሁን አስቀድማችሁ በአፕት ጫኗቸው።

እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ «እና» የሚለውን ምልክት፣ ማለትም አምፐርሳንድን፣ አትርሱ። ምልክቱ «ይህን አስነሳና ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው እለፍ» ማለት ነው። ከሌለ ስክሪፕቱ የመጀመሪያው ፕሮግራም እስኪዘጋ ይጠብቃል፤ የዋይፋይ ምልክት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ስለዚህ የቀሩት ወረፋ እንደያዙ ይውላሉ። ፋይሉን ካስቀመጣችሁ በኋላ የመሮጥ ፈቃድ ስጡት፦ «ሲኤችሞድ»፣ ክፍተት፣ የመደመር ምልክትና ኤክስ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፋይሉ አድራሻ። ፈቃድ የሌለው ፋይል ቢኖርም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

አማርኛና ዐረብኛ

ለእኛ ዋናው ይህ ነው ብንል አላጋነንንም፤ ጽሑፋችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ የምንጠቅሰው ደግሞ አንዳንዴ በዐረብኛ ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱን ግን አታደባልቁ።

ዐረብኛ ብቻ ከፈለጋችሁ «ሴትኤክስኬቢማፕ» የሚለው ትእዛዝ ይበቃል። ስታርትአፕ ፋይሉ ላይ የቋንቋዎቹን መለያ፣ ዩኤስና ኤአርኤ፣ በኮማ ለይታችሁ ትሰጡታላችሁ፤ መቀያየሪያውን ኦልትና ሺፍት ታደርጉታላችሁ። ራም የሚበላ ነገር የለውም።

አማርኛም ከፈለጋችሁ አይባስ የሚባለውን ጫኑ፤ ከእሱ ጋር «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚለውን ጥቅል። በውስጡ ሴራ የተባለው የአማርኛ አጻጻፍ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል በድምፅ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ወደ ፊደላችን ይለውጠዋል። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኩ «ሰላም» ይወጣል። ትልቁ ኤች ሐመሩን «ሐ»፣ ትልቁ ቲ «ጠ»ን፣ ትልቁ ሲ «ጨ»ን ያመጣል። «ሐዲስ» ለመጻፍ በትልቁ ኤች ትጀምራላችሁ ማለት ነው። «ኢም-ኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ አይባስን ከመረጣችሁ በኋላ ወጥታችሁ ስትገቡ በራሱ ይነሳል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ዐረብኛውንም እዚያው አይባስ ውስጥ ጨምሩት። አይባስ ቋንቋ በቀየራችሁ ቁጥር ኪቦርዱን በራሱ መንገድ ስለሚያስተካክል፣ ከሌላኛው ትእዛዝ ጋር ከተደባለቀ አንዱ የሌላውን እየሻረ ያስቸግራችኋል።

ፊደል በሚመለከት፣ ለአማርኛ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ሐረካ ላለበት ዐረብኛ ደግሞ አሚሪ ጥሩ ናቸው። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ፤ በዴቢያን ማከማቻም አሉ።

ሜኑውን የራስ ማድረግ

«ሜኑ» የሚለው ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ «ፕሮግ» የሚል ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚታየው ስም፣ የምልክቱ ስም፣ በመጨረሻ የሚነሳው ፕሮግራም። ምልክት ካልፈለጋችሁ በቦታው ሰረዝ አድርጉ። በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ያለው ስም እንግሊዝኛ መሆን የለበትም! «መመረቂያ ጽሑፍ» ብላችሁ ሊብሬ ኦፊስን ቀጥታ ጽሑፋችሁ ላይ እንዲከፍት ማድረግ ትችላላችሁ፤ «ኪታቦች» ብላችሁ የፒዲኤፍ ፎልደራችሁን። በሜኑው ላይ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥን ከታየ የሜኑው ፎንት ፊደላችንን አያውቅም ማለት ነው። ያኔ የሜኑውን ፎንት በሚወስነው ምርጫ ላይ ኮማ ጨምራችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስከትሉ።

ምርጫዎቹ ያሉት «ፕሪፈረንስስ» በሚለው ፋይል ነው። ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ተርሚናል ላይ አይስደብሊውኤም ብላችሁ፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከሰረዙ ጋር የተያያዘ «ፖስትፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ የመብለጥ ምልክትና የፋይሉን አድራሻ ስትሰጡ፣ ያሉትን ምርጫዎች በሙሉ ከነዋጋቸው ይጽፍላችኋል። ከዚያ በኋላ ፈልጎ መቀየር ብቻ ነው። ብዙዎቹ 0 ወይም 1 ናቸው፤ 0 አይሁን፣ 1 ይሁን።

ከመቶ በላይ ምርጫ ቢኖርም እኛ የምንነካው ሦስት አራቱን ነው። «ታስክባር ኦቶ ሃይድ» የሚለውን 1 ስታደርጉ ታስክባሩ ካልተጠጋችሁት ይደበቃል፤ ቁመቱ 768 ነጥብ ብቻ በሆነ ስክሪን ላይ አንድ ሁለት ተጨማሪ የጽሑፍ መስመር ማየት ቀላል አይደለም። «ወርክስፔስ ኔምስ» የሥራ ገጾቹን ስም ይይዛል፤ ከቁጥር ይልቅ «ጽሑፍ»፣ «ንባብ»፣ «ድር» ብትሏቸው የት እንዳላችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ። «ታይም ፎርማት» የሰዓቱን አቀራረብ ይወስናል። ቀይራችሁ ስትጨርሱ ከሜኑው የመውጫ ክፍል ውስጥ አይስደብሊውኤምን እንደገና ማስጀመር በቂ ነው፤ የተከፈቱት ሰነዶች አይዘጉም።

የመረጣችሁት ቲም ፎንቱን ወይም ቀለሙን እየሻረ ካስቸገራችሁ ያንን መስመር ብቻ «ፕሪፍኦቨርራይድ» በሚባል ፋይል ውስጥ ጻፉት፤ እሱ ከቲሙ በኋላ ስለሚነበብ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ስለ ቲም ራሱ ብዙ አንልም። በርካታ አሉ፣ አንዳንዶቹም ያምራሉ፤ ቀለም ሲቀያይሩ ፈጅር የደረሰባቸውን ግን እናውቃለን።

«ኪይስ» በሚለው ፋይል የራሳችሁን አቋራጭ ትሰጣላችሁ፦ «ኪይ» የሚል ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በመደመር ምልክት የተያያዙ ቁልፎች፣ ከዚያ ፕሮግራሙ። ለተርሚናል፣ ለፋይል ማሳያና ለጽሑፋችሁ ሦስት አቋራጭ ካላችሁ ማውዙ የተበላሸበት ማሽን እንኳ ይሠራል።

«ዊንኦፕሽንስ» ደግሞ ብዙ ሰው የማይነካው፣ እኛ ግን የምንወደው ፋይል ነው። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው የሥራ ገጽ ላይ ይከፈት፣ ሙሉ ስክሪን ይሁን አይሁን የሚለውን ይወስናል። ብራውዘሩ ሁልጊዜ «ድር» ላይ፣ ሊብሬ ኦፊስ ሁልጊዜ «ጽሑፍ» ላይ እንዲከፈት አድርጉ። የፕሮግራሙ ስም፣ ነጥብ፣ «ወርክስፔስ»፣ ሁለት ነጥብ፣ ቁጥር፤ በቃ። ቁጥሩ ከ0 ነው የሚጀምረው፤ የመጀመሪያው ገጽ 0፣ ሁለተኛው 1 ነው። የፕሮግራሙ ትክክለኛ ስም ምን እንደሆነ ለማወቅ ተርሚናል ላይ «ኤክስፕሮፕ» ብላችሁ መስኮቱን ጠቅ ስታደርጉ ከሚመጣው ውስጥ «ደብሊውኤም ክላስ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ይህን ማድረግ ፍጥነት አይጨምርም፤ ነገር ግን የምትጽፉበት ገጽ ላይ ሌላ ነገር እንዳይታይ ያደርጋል፤ ለማስረከቢያ ሳምንት ይህም ጥቅም ነው።

አንድ ትንሽ ጨዋታ እንጨምር። በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ከፈለጋችሁ ኤክስክሎክ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል፤ «ኤክስ11-አፕስ» በሚለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። ከስሙ በፊት ቲዜድ፣ የእኩል ምልክት፣ ኢቲኤች፣ መደመር፣ 3 ጻፉ፤ ቲዜድና ኢቲኤች በትልልቁ ፊደል ይሁኑ። የኛ የሰዓት ክልል ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ የቤታችን አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከግሪንዊች 3 ወደ ኋላ ይሆናል፤ በዚህ አጻጻፍ የመደመር ምልክት ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ሰረዝና «ዲጂታል»፣ ሰረዝና «ትዌልቭ» ስትጨምሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አንድ ብሎ ያሳያችኋል።

ብራውዘሩና ራሙ

አሁን ወዳስቀመጥነው ጉዳይ እንመለስ። ዴስክቶፑን አቅልሎ ብራውዘሩን እንደነበረ መተው፣ ሻንጣውን አራግፎ አህያውን በጆንያ እንደ መጫን ነው። በተግባር ያየነው የሚከተለውን ነው። ሃንድአውት በብራውዘር ታብ ውስጥ አታንብቡ፤ ሙፒዲኤፍ ወይም ዛቱራ የሚባሉት ማንበቢያዎች ያንኑ ፋይል በጣም ባነሰ ራም ይከፍቱታል። የመምህራን ሃንድአውት የሚመጣው በአብዛኛው በቴሌግራም ስለሆነ፣ አውርዳችሁ ዌብ ላይ የከፈታችሁትን ቴሌግራም ዝጉት። ቪዲዮ ካላችሁ አውርዳችሁ በኤምፒቪ ተመልከቱ። ፋይል ማሳያ ፒሲማንኤፍኤም፣ ለአጭር ማስታወሻ ማውስፓድ ይበቃሉ። ሊብሬ ኦፊስ ከበድ ይላል፤ ግን መምህሩ በዎርድ ፋይል ካልሆነ አልቀበልም ካሉ እሱን ነው የምትጠቀሙት፤ 2 ጊጋባይት ላይ ብቻውን ከሆነ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላም ራም ካነሰ «ዜድራም-ቱልስ» የሚለውን ጥቅል ጫኑ። ራሙ ሲሞላ ወደ ዲስክ ከመሸሽ በፊት እዚያው ራሙ ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩን ጥቂት ያሠራዋል፤ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ግን እጅግ ይፈጥናል። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነም ከአዲስ ላፕቶፕ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ስለ መቀየር ጠይቁ፤ በዋጋ አይነጻጸሩም።

ኢንተርኔት ለሌለው ወዳጅ

አንድ ሰው ያወረደውን ሌላው እንደገና ማውረድ የለበትም። «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል» ካላችሁ በኋላ ሁለት ሰረዝና «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ስትጨምሩ ጥቅሎቹ ሳይጫኑ ይወርዳሉ፤ «ቫር»፣ «ካሽ»፣ «አፕት»፣ «አርካይቭስ» በሚለው አድራሻ ውስጥ ይቀመጣሉ። በፍላሽ ገልብጣችሁ ለወዳጃችሁ ስጡ፤ እሱም ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ በአፕት ይጭናቸዋል። ሁለት ነገር መመሳሰል አለበት፦ የሊኑክሱ እትምና የማሽኑ ዓይነት፣ 32 ቢት ወይም 64 ቢት። «አፕት» ብቻ ብላችሁ የጫናችሁት ግን ከተጫነ በኋላ የወረደውን ፋይል ያጠፋዋል፤ ለማጋራት ስታስቡ «አፕት-ጌት» የሚለውን የምንመርጠው ለዚህ ነው። የወረደላችሁ ፋይል ማሽናችሁ ላይ አስቀድሞ ያለውን ደጋፊ ጥቅል አይጨምርም፤ ስለዚህ ምንም ያልተጫነበት ማሽን ላይ ማውረዱ ይመረጣል።

ስለ ወደፊቱም አንድ ቃል። ትልልቆቹ ዴስክቶፖች ከኤክስ ወደ ዌይላንድ የሚባለው አዲስ አሠራር እየተሻገሩ ነው፤ አይስደብሊውኤም ግን የኤክስ ልጅ ነው። ዴቢያን ኤክስን አሁንም ስለሚያቀርብ ለእናንተ ማሽን ዛሬ ችግር የለም። አንድ ቀን መሻገር ካስፈለገ በኦፕንቦክስ አምሳል ለዌይላንድ የተሠራው ላብደብሊውሲ አለ፤ ትንሹ ራዝቤሪ ፓይ ኮምፒውተርም የሚጠቀመው እሱን ነው። እዚህ የተማራችሁት፣ ማስነሻ ፋይል፣ ሜኑ፣ አቋራጭ፣ እዚያም ስሙና አጻጻፉ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

የሶላት ወቅት ማሳያ የጠየቃችሁንም አልረሳንም። አረብአይስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ያዘጋጀው ኢቱልስ የሚባል ጥቅል አለ። በውስጡ ያለው «አይፕሬይታይም» የአካባቢያችሁን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከግሪንዊች ያለውን የሰዓት ልዩነት ሰጥታችሁት የቀኑን ወቅቶች ያለ ኢንተርኔት በተርሚናል ያወጣል፤ «አይዴት» ደግሞ የሂጅራውን ቀን። ለአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ፣ 3 ሰዓት ነው። ሌላ ግቢ ያላችሁ የከተማችሁን ቁጥር ተጠቀሙ፤ ውጤቱንም ከመስጂዳችሁ የጊዜ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። ስሌቱ የተለያየ መንገድ ስላለው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ሊታይ ይችላል፤ ያኔ የምትከተሉት የመስጂዱን ነው።

ሁሉን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ያንን በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡት። መጠኑ ከአንድ ፎቶ ያንሳል፤ ሌላ ማሽን ላይ ስታስቀምጡት ሜኑው፣ አቋራጩ፣ የሥራ ገጾቹ ስም ሁሉ እንደነበረ ይመጣል። የተነሱትን ፕሮግራሞች ግን እዚያም መጫን አለባችሁ። ፎልደሩን ፋይል ማሳያው ውስጥ ፈልጋችሁ ካጣችሁት አልጠፋም፤ በነጥብ የሚጀምር ስም ስለሚደበቅ ነው፤ ኮንትሮልና ኤችን አብራችሁ ስትነኩ ይታያል።